የጎማ ብሎን ርዝመትና የነጋዴው ኀላፊነት

የመለዋወጫ ዕቃ የሚነግድ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ደንበኛው ያረጀ የጎማ ብሎን በእጁ ይዞ ይገባና «እንደዚህ ያለ፣ ነገር ግን በአንድ ጣት ያህል ረዘም ያለ ይስጡኝ» ይላል። ባለሱቁም ከመደርደሪያው አንዱን ያወርድና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያያቸዋል። ውፍረታቸው አንድ ይመስላል፤ ርዝመቱም እንደ ተፈለገው ነው። ዋጋውን ተቀብሎ ዕቃውን ያስረክባል። ሽያጩ በዚህ የተፈጸመ ይመስላል። ይሁን እንጂ ያ ብሎን ሰው የተሳፈረበትን አውቶሞቢል ጎማ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ የጉዳዩ ክብደት የሚታወቀው ዕቃው ከሱቅ ከወጣ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የጎማ ብሎን እንዴት እንደሚሠራ፣ ረዥም ብሎን መትከል መቼ እንደሚያስፈልግና ሥራው እንዴት እንደሚፈጸም ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች ለማስረዳት ነው። ፍሬ ነገሩን አስቀድመን ብንናገር፣ የጎማ ብሎን በርዝመቱ ብቻ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ርዝመት ዐይን ቶሎ የሚያየው ልክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አደጋ የሚያደርሱት ግን ዐይን ቶሎ የማያያቸው ልኮች ናቸው።

ለምሳሌ የተመረጠው አውቶሞቢል

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ አንድ የታወቀ አውቶሞቢል ምሳሌ እናደርጋለን፤ ይኸውም ዳትሰን 240 ዜድ ነው። ይህን ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት አውቶሞቢል የጃፓኑ የኒሳን ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበው፤ በአገሩም ፌርሌዲ ዜድ ተብሎ ይጠራ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተሰለፉበት 2.4 ሊትር ሞተር፣ ከፊት የዲስክ፣ ከኋላም የታምቡር ፍሬን አለው። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ራሊ ውድድር በ1971 ዓ.ም. ኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ሼክሃር ሜታ ያሸነፉት ይህንኑ አውቶሞቢል እየነዱ ነው፤ ስለዚህ ስሙ በእኛ የአህጉር ክፍል እንግዳ አይደለም። በ260 ዜድና በ280 ዜድ ከተተካ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ በአሜሪካ፣ በጃፓንና በአውሮጳ የሚገኙ ባለቤቶች እያደሱ ይነዱታል፤ ለእርሱ የሚሆነውን መለዋወጫ ማቅረብም ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል።

የዚህ አውቶሞቢል እያንዳንዱ ጎማ በአራት ብሎኖች ይያዛል። ብሎኖቹ በክብ ተደርድረው የቆሙ ሲሆን፣ የክቡ ስፋት 114.3 ሚሊሜትር ነው። የብሎኑ ውፍረት 12 ሚሊሜትር፣ ከአንዱ ጥርስ እስከሚቀጥለው ጥርስ ያለው ርቀት ደግሞ 1.25 ሚሊሜትር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንባቢ እንዲያስታውሳቸው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። በብዙ የጃፓን አውቶሞቢሎች ላይ ብሎኑ በጎማው እምብርት ላይ ከጀርባ በጭመቃ የተተከለ ነው፤ ቸርኬው በብሎኖቹ ላይ ይሰካና ከውጭ በዳዶ ይጠብቃል። እንደ ፎልክስዋገን ቢትልና እንደ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ባሉት የአውሮጳ አውቶሞቢሎች ግን የተተከለ ብሎን የለም፤ ራሱን ብሎኑን ከውጭ እያስገቡ ወደ እምብርቱ ያጠብቁታል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው፣ ማለት ስለ ተተካዩ ብሎን ነው።

ረዥም ብሎን ለምን ይፈለጋል

ዳትሰን 240 ዜድ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠባብ የብረት ቸርኬ ይገጠምለት ነበር። የብረት ቸርኬ ብሎኑ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ስስ በመሆኑ አጭር ብሎን ይበቃዋል። ባለቤቶቹ ግን አውቶሞቢሉን ሲያድሱ ከሚከተሉት ሦስት ለውጦች አንዱን ወይም ሁሉንም ያደርጋሉ።

አንደኛው፣ የብረቱን ቸርኬ አንሥተው የአሉሚኒየም ቸርኬ መግጠም ነው። አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ሠሪው ብሎኑ በሚያልፍበት ቦታ ላይ አወፍሮ ይሠራዋል፤ ቸርኬው በወፈረ መጠንም ለዳዶው የሚተርፈው ጥርስ ያንሳል።

ሁለተኛው፣ የኋለኛ ዘመን አውቶሞቢል ቸርኬ ተውሶ መግጠም ነው። ሞተራቸው የፊት ጎማዎችን የሚነዳ የዛሬ አውቶሞቢሎች ቸርኬያቸው ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ሆኖ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ቸርኬ በአሮጌው አውቶሞቢል ላይ ሲገጠም ጎማው ከፍሬኑ ወይም ከመሪው ክፍሎች ጋር ይነካካል። ይህ እንዳይሆን በእምብርቱና በቸርኬው መካከል ስፔሰር የሚባል ክብ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ሳህን ይገባል። የሳህኑ ውፍረት በሙሉ ከብሎኑ ርዝመት ላይ የሚቀነስ ነው።

ሦስተኛው፣ ፍሬኑን ማጠንከር ነው። የ240 ዜድ ባለቤቶች የቶዮታን ባለአራት ጎማ ነጂ ፒክአፕ ባለአራት ፒስተን የፍሬን ካሊፐር አምጥተው በፊት ጎማዎች ላይ መግጠማቸው የታወቀ ልማድ ነው። ይህ ካሊፐር ከቀድሞው የሚበልጥ ስለ ሆነ ቸርኬውን እንዳይነካ ቸርኬው ይለወጣል ወይም ስፔሰር ይጨመራል።

ሂሳቡን በምሳሌ እንመልከተው። ብሎኑ ከእምብርቱ ገበታ ላይ 30 ሚሊሜትር ወጥቶ ይታያል እንበል። የብረቱ ቸርኬ 6 ሚሊሜትር ቢወስድ ለዳዶው 24 ሚሊሜትር ይቀራል፤ ይህም ከበቂ በላይ ነው። አሁን የአሉሚኒየሙ ቸርኬ 12 ሚሊሜትር፣ ስፔሰሩም 15 ሚሊሜትር ቢሆኑ በድምሩ 27 ሚሊሜትር ይወስዳሉ፤ ለዳዶው የሚቀረው 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዳዶው ሁለት ዙር ተኩል እንኳ አይዞርም።

የመካኒኮች የተለመደ ደንብ ዳዶው በብሎኑ ላይ የሚይዘው ርዝመት ቢያንስ ከብሎኑ ውፍረት ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው። ስለዚህ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን 12 ሚሊሜትር ጥርስ ማስያዝ ይገባዋል። የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊሜትር ሲሆን ይህ ከ9 ዙር ይበልጣል፤ ርቀቱ 1.5 ሚሊሜትር ሲሆን 8 ዙር ነው። ሾጣጣ ዳዶ በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ጥቂት ስለሚሰምጥ፣ በማስመሪያ ከመለካት ይልቅ ዳዶውን በእጅ እያዞሩ ዙሩን መቍጠር የተሻለ ፈተና ነው።

ብሎኑ ጎማውን እንዴት ይይዛል

ብዙ ሰዎች ጎማው በብሎኖቹ ላይ ልብስ በችካል ላይ እንደሚንጠለጠል የተንጠለጠለ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ እንደ ተሳበ ጅማት ጥቂት ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለማጠር ስለሚፈልግም ቸርኬውን በእምብርቱ ላይ በብርቱ ይጫነዋል። የአውቶሞቢሉን ክብደት፣ የፍሬኑን ኀይልና የመንገዱን ድንጋጤ የሚሸከመው በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ብሎኑ ራሱ መታጠፍ የለበትም።

የዚህ ጭነት መጠን ለማያውቀው ሰው ያስገርማል። እንዲህ ባለ አውቶሞቢል ላይ ዳዶው የሚጠብቀው ወደ 80 ኒውተን ሜትር፣ በቀድሞው አነጋገር ወደ 8 ኪሎግራም ሜትር ገደማ ነው። ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን፣ በተለመደው ስሌት አንዱ ብሎን ከ3 ቶን በሚበልጥ ኀይል ይጫናል። አራቱ ብሎኖች ሲተባበሩ ኀይሉ ከ12 ቶን በላይ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህም ቦታ እውነት ነው።

የማሰሪያው ኀይል ሲላላ ግን ሰበቃው ይጠፋል፤ ቸርኬው በእምብርቱ ላይ መንሸራተት ይጀምራል፤ ብሎኑም ጎማው በዞረ ቍጥር ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር በሚሄድ አውቶሞቢል ላይ፣ ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በደቂቃ 500 ጊዜ፣ በሰዓት 30,000 ጊዜ ይዞራል። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ብሎኑም በድካም ይሰበራል። አንዱ ሲሰበር የእርሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ብዙ ሳይቆዩ ይከተላሉ። ጎማው ከአውቶሞቢሉ ተለይቶ የሚሄደው እንዲህ ሆኖ ነው።

ከርዝመት በፊት የሚጠየቁ ልኮች

የመጀመሪያው የብሎኑ ውፍረትና የጥርሱ ርቀት ነው። ኒሳን፣ ሱዙኪና ሱባሩ በብዙ የቤት አውቶሞቢሎቻቸው ላይ 12 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.25 የጥርስ ርቀት ይጠቀማሉ። ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ማዝዳና ሚትሱቢሺ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ውፍረቱን 12፣ ርቀቱን 1.5 ያደርጉታል። ልዩነቱ የአንድ ሚሊሜትር ሩብ ብቻ ስለ ሆነ በዐይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። የቶዮታን ዳዶ በዳትሰን ብሎን ላይ ያዞረ ሰው ጥቂት ዙር በእጁ ይሄድለትና ከዚያ ይይዝበታል። ሰውየው በቁልፍ ካስገደደው ጥርሱ እየተፋቀ ይገባል፤ በእጁ የሚሰማው ጥብቀት ቸርኬው የታሰረበት ሳይሆን ጥርሱ የተጨናነቀበት ነው።

ከዚህም የባሰ ወጥመድ አለ። ኤምጂቢን የመሰሉ የቀድሞ እንግሊዝ የስፖርት አውቶሞቢሎች ብሎናቸው በኢንች የተለካ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ አለው። ይህ ወደ ሚሊሜትር ሲመለስ የጥርሱ ርቀት 1.27 ይሆናል፤ ከ1.25 ጋር ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። በመሆኑም የግማሽ ኢንች ዳዶ በ12 ሚሊሜትር ብሎን ላይ ያለ ምንም ተቃውሞ በእጅ እየተሽከረከረ ይገባል። ነገር ግን ዳዶው ሰፊ፣ ብሎኑ ቀጭን ስለ ሆነ የሚነካኩት የጥርሶቹ ጫፎች ብቻ ናቸው። «በእጅ በቀላሉ ከገባ ልኩ ነው» የሚለው ደንብ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ስለዚህ ውፍረቱ በቬርኒየር መለኪያ መለካት አለበት።

ሁለተኛው የአንገቱ ውፍረት ነው። የተተካይ ብሎን አንገት፣ ከራሱ ሥር ባለው ክፍል ላይ፣ በርዝመቱ የወረዱ ጥቃቅን ሸንተረሮች አሉት። እነዚህ ሸንተረሮች በእምብርቱ ቀዳዳ ውስጥ ነክሰው ብሎኑ እንዳይዞር ያደርጉታል። ለዚህም አንገቱ ከቀዳዳው በጥቂት ዐሥረኛ ሚሊሜትር ሊበልጥ ይገባዋል። እጅግ ከበለጠ እምብርቱን ይሰነጥቃል፤ ካነሰ ደግሞ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ይዞራል። ጥርሳቸው አንድ የሆነ ብሎኖች በአንገታቸው ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ «ጥርሱ ገጥሟል» ማለት «ብሎኑ ይሆናል» ማለት አይደለም።

ሦስተኛው የራሱ ስፋትና ውፍረት ነው። ራሱ ከቀድሞው የወፈረ ከሆነ ከእምብርቱ ጀርባ ካሉት የፍሬን ክፍሎች ጋር ይፋተጋል፤ የሳሳ ከሆነ ደግሞ የመያዝ ኀይሉ ያንሳል።

አራተኛው የጥርሱ አቅጣጫ ነው። የአሜሪካው የክራይስለር ኩባንያ እስከ 1970 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ በአውቶሞቢሎቹ በግራ በኩል ባሉት ጎማዎች ላይ ወደ ግራ እየዞረ የሚጠብቅ ብሎን ይተክል ነበር። እንዲህ ያለ አሮጌ አውቶሞቢል ላለው ደንበኛ በሁለቱም በኩል አንድ ዐይነት ብሎን መሸጥ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው የብረቱ ጥንካሬ ነው፤ ስለዚህ ለአስመጪዎች በተጻፈው ክፍል እንናገራለን።

ስለ ዳዶው

ብሎኑ ሲለወጥ ዳዶውም መመርመር አለበት። ዳዶው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ገጽ ሦስት ዐይነት ነው፤ አንዱ ሾጣጣ፣ አንዱ እንደ ኳስ የተሞለሞለ፣ አንዱ ደግሞ ጠፍጣፋና ሮንዴላ ያለው። ብዙዎቹ ቸርኬዎች ሾጣጣውን ይፈልጋሉ። የሆንዳ የፋብሪካ ቸርኬ የተሞለሞለውን፣ ብዙ የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ደግሞ ጠፍጣፋውን ይቀበላሉ። ሾጣጣ ዳዶ ለሞልሞላ በተሠራ መቀመጫ ላይ ቢጠብቅ የሚነካው በቀጭን ክብ መሥመር ብቻ ስለ ሆነ፣ አሉሚኒየሙ እየሟሸሸ ዳዶው ይላላል።

ረዥም ብሎን ለሚገዛ ሰው በተለይ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። ለጌጥ ተብሎ ጫፉ የተዘጋ ዳዶ በረዥም ብሎን ላይ ሲገባ፣ የብሎኑ ጫፍ የዳዶውን ጣራ ሊነካ ይችላል። ዳዶው በዚያ ቦታ ይቆማል፤ ቁልፉም ጠብቋል ይላል፤ ቸርኬው ግን አልተጫነም። ስለዚህ ረዥም ብሎን የሚሻለው ጫፉ ክፍት ከሆነ ዳዶ ጋር ነው፤ ክፍት ዳዶ ብሎኑ ምን ያህል እንዳለፈም በዐይን ያሳያል።

አተካከሉ

ሥራው የመካኒክ ቢሆንም፣ ነጋዴው አካሄዱን ቢያውቅ ለደንበኛው መልካም ምክር ለመስጠት ይችላል።

አውቶሞቢሉ በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጽኑ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ መሥራት አይገባም። በ240 ዜድ የፊት ጎማ ላይ ካሊፐሩ ይወልቅና፣ እምብርቱ ከነኩሽኔታው ይወጣል። የፍሬኑ ዲስክ ከእምብርቱ ጀርባ በብሎን የታሰረ ስለ ሆነ እርሱም ይለያል። ከዚያ በኋላ የእምብርቱ ገበታ ከሥሩ በደንብ ተደግፎ፣ አሮጌው ብሎን በፕሬስ ተገፍቶ ይወጣል። በመዶሻ መምታት የተለመደ ቢሆንም፣ ገበታውን ሊያጣምም ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ገበታው ጥቂት ከተጣመመም ጎማው በቀጥታ አይዞርም።

አዲሱ ብሎን በፕሬስ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ራሱ የገበታውን ጀርባ ዙሪያውን እስኪነካ ድረስ ይገፋል። ፕሬስ በሌለበት ቦታ አንዳንዶች ሮንዴላዎች ደርድረው በዳዶ እየሳቡ ያስገቡታል። ይህ አሠራር ቢፈቀድም፣ በሮንዴላዎቹ መካከል ግራሶ ማድረግ፣ በእጅ ቁልፍ ቀስ ብሎ መሳብና የተሳበበትን ዳዶ ዳግመኛ በጎማ ላይ አለማዋል ያስፈልጋል። በአየር በሚሠራ ማጥበቂያ መሳብ ግን አዲሱን ብሎን ገና ሥራ ሳይጀምር ያደክመዋል።

በኋላ ጎማ በኩል ሥራው ይከብዳል። ብሎኖቹ በአክሱሉ ገበታ ላይ የተተከሉ ሲሆኑ፣ ከጀርባው ያለው የታምቡር ፍሬን ሳህን ቦታውን ያጠበዋል፤ ረዥም ብሎን አዘንብሎ ለማስገባት ስፍራ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ጊዜ አክሱሉን ማውጣት እንጂ የብሎኑን ራስ ሞርዶ ማሳነስ ወይም ገበታውን መቦርቦር ተገቢ አይደለም። እንዲሁም በቀዳዳው ውስጥ የሚዞርን ብሎን ራሱን በብየዳ ማጣበቅ ክፉ ልማድ ነው። የብየዳው ትኩሳት ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፋበታልና።

ብሎን የሚለወጠው በአንድ ጎማ ላይ ያሉት አራቱም በአንድነት ነው። አንዱ አዲስ፣ ሦስቱ አሮጌ ቢሆኑ የደከሙት ብሎኖች ከአዲሱ ጋር እኩል አይሸከሙም።

የፊት ኩሽኔታው በልኩ ተስተካክሎና መቆለፊያው በአዲስ ተተክቶ እምብርቱ ከተመለሰ በኋላ፣ የቸርኬው፣ የስፔሰሩና የእምብርቱ ገጾች ከዝገትና ከወፍራም ቀለም መጽዳት አለባቸው። በመካከል የቀረ ቀለም ወይም ዝገት ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይደቅቃል፤ የደቀቀውም ያህል ማሰሪያው ይላላል። ዳዶዎቹ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ በመስቀል ቅርጽ፣ ደረጃ በደረጃ ይጠብቃሉ፤ የመጨረሻው ጥብቀት የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ ይሆናል። በጥርሱ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት መልካም የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ጥርሱ ሲለሰልስ በዚያው የቁልፍ ልክ ብሎኑ እጅግ አብልጦ ይለጠጣል፤ ስለዚህ አምራቹ ካላዘዘ በቀር አይቀባም። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ጥብቀቱ እንደ ገና መታየት አለበት።

ለአስመጪዎች

የብሎን ጥንካሬ በቁጥር ይገለጣል። 8.8፣ 10.9 እና 12.9 የሚባሉት ደረጃዎች አይኤስኦ 898 ክፍል 1 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የተወሰኑ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር በመቶ ሲባዛ ብረቱ ሳይበጠስ የሚችለውን ኀይል በኒውተን በካሬ ሚሊሜትር ያመለክታል፤ ሁለተኛው ቁጥር ከዚያ ኀይል ስንት ዐሥረኛው ሲደርስ ብረቱ ተለጥጦ መመለስ እንደሚያቅተው ይናገራል። ስለዚህ 10.9 ማለት 1,000 ኒውተን የሚችልና እስከ 900 ድረስ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ የሚመለስ ማለት ነው። 8.8 ደግሞ 800 እና 640 ነው። ለጎማ ብሎን በሰፊው የተለመደው 10.9 ነው። በ8.8 የተሠራ ርካሽ ብሎን በመልክ ከ10.9 አይለይም፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ጭነት ሲመጣበት ነው።

ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሻላል ማለትም አይደለም። እጅግ ጠንካራ ብረት በኤሌክትሪክ ኀይል ሲለበጥ ሃይድሮጂን ወደ ውስጡ ሊገባና ሊያሰባብረው ይችላል። እንዲህ ያለው ብሎን ተገጥሞ ከተጠበቀ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ይበጠሳል። ይህን ለመከላከል ፋብሪካው ብሎኑን ከለበጠ በኋላ በምድጃ ሊያግለው ይገባል። አስመጪው የሚያብረቀርቅ ልብጥ ብሎን ሲያዝ ይህ ሥራ መፈጸሙን በጽሑፍ ይጠይቅ።

የትዕዛዝ ደብዳቤ «የጎማ ብሎን፣ ረዥም፣ 1,000 ፍሬ» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም። ውፍረቱ፣ የጥርሱ ርቀትና አቅጣጫ፣ የአንገቱ ውፍረትና ርዝመት፣ ከራሱ ሥር እስከ ጫፉ ያለው ርዝመት፣ ከዚያም ውስጥ ጥርስ ያለበት ክፍል፣ የራሱ ስፋትና ውፍረት፣ የጥንካሬው ደረጃና የልብጡ ዐይነት አንድ በአንድ መገለጥ አለባቸው። ለእያንዳንዱ የምርት ክፍልም የፈተና ማስረጃ ይጠየቅ። ዕቃው ሲደርስ ከየሳጥኑ ጥቂት ፍሬ እያወጡ መለካት፣ ማስረጃውንም ከሳጥኑ ቁጥር ጋር አያይዞ ማኖር ይጠቅማል፤ ጉድለት ቢገኝ የተበላሸው ክፍል ብቻ ተለይቶ ሊሰበሰብ ይችላልና።

ስለ ቀረጥ አንድ ማስታወሻ እንጨምራለን። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ የተሽከርካሪ መለዋወጫዎች በአንቀጽ 8708 ሥር ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የብረት ብሎኖችና ዳዶዎች ለብዙ ሥራ የሚውሉ ተብለው በአንቀጽ 7318 ስለሚመደቡ፣ የጎማ ብሎንም ለአውቶሞቢል ብቻ የተሠራ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዚያ ነው። አስመጪው ዕቃው ከመጫኑ በፊት አመዳደቡን ከጉምሩክ ጋር ቢያረጋግጥ ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ ከሚደርስበት ወጪ ይድናል።

ለባለሱቆች

ባለሱቁ ደንበኛው ረዥም ብሎን በጠየቀው ጊዜ በበኩሉ አራት ነገር ይጠይቀው። አውቶሞቢሉ ምን ዐይነትና የስንት ዓመት ሥራ ነው? የተገጠመው ቸርኬ የፋብሪካው ነው ወይስ ሌላ? ስፔሰር ገብቷል ወይ፣ ከገባስ ውፍረቱ ስንት ነው? ዳዶው ምን ዐይነት ነው? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። ደንበኛው መልሱን ካላወቀ አሮጌውን ብሎን ከነዳዶው፣ ቢቻልም እምብርቱን ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በሱቁ ውስጥ ባለ1.25 እና ባለ1.5 ጥርስ ብሎኖች፣ የኢንች ልክ ያላቸውም ጭምር፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ መደባለቅ የለባቸውም። ለየሳጥኑ ልኩ ይጻፍበት፤ ቬርኒየር መለኪያና ልካቸው የታወቀ ጥቂት ዳዶዎችም ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ይኑሩ። በደረሰኙ ላይ «ብሎን» ብቻ ከመጻፍ ልኩን መጻፍ ለደንበኛውም ለባለሱቁም መከታ ነው። ልኩ ያልታወቀ ብሎን ሲጠየቅ «የለኝም» ማለት ሽያጭ ማጣት ቢመስልም፣ ስሙን ለሚጠብቅ ነጋዴ ትርፍ ነው።

የአንድ ብሎን ዋጋ ጥቂት ስለ ሆነ ብዙዎች ጉዳዩን ያቃልሉታል። ነገር ግን ይህ ትንሽ ዕቃ ከእነ ራሱ፣ ከእነ አንገቱ፣ ከእነ ጥርሱ ልክ ሆኖ ካልተገኘ፣ ውድ የሆነው አውቶሞቢልና ከውድም በላይ የሆነው የሰው ሕይወት በእርሱ ላይ ይወድቃሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ ጥንቃቄው የሚጀምረው በመንገድ ላይ ሳይሆን በአስመጪው የትዕዛዝ ደብዳቤና በባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ነው። መካኒኩ የሚተክለው የተሸጠለትን ነውና።